ጭስ ያልነበረው ሞተር

እናቴ እንደምትለው፣ አጎቴ የአባቴን ሞተር ሳይክል የተዋሰው ለአንድ ቀን ነው፤ የመለሰው ግን ገድሎ ነው። "ማታ በር ላይ አቁሞት ሲሄድ ኮቴው እንደ ሌባ ነበር" ትላለች። "ግባና ሻይ ጠጣ ሲሉት እቸኩላለሁ አለ። እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? በማግስቱ አባታችሁ ተሽሎት ሥራ ሲሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ የኋላ ጎማው ድንገት ቀጥ አለ። ሰውየው ወዲያ፣ ሞተሩ ወዲህ። ከዚያ ወዲህ አባታችሁ ሳያነክስ ሲራመድ አይቼው አላውቅም።"

አጎቴ እንደሚለው ደግሞ፣ ያን ሞተር ከወሰደበት አሻሽሎ ነው የመለሰው። "ታጥቦ፣ ተወልውሎ! ታንኩን እስከ አፉ ሞልቼ፤ ያውም ከደህና ማደያ። ወንድሜ ሲነዳው እርጥብ እንጨት እንደነደደበት ምድጃ ይጨስ ነበር። እኔ ሳመጣው ጭስ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጎረቤት ይመስክር። ዕድሜዬን በሙሉ መሪ ጨብጬ የኖርኩ ሹፌር ነኝ፤ በሰው ዕቃ አልጫወትም። በማግስቱ ለሆነው ነገር የማውቀው የለም።"

እነዚህን ሁለት ታሪኮች እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ የእሷን ቤት ውስጥ፣ ለመጣ ዘመድ ሁሉ ትናገራለች። አጎቴ የእሱን እኛ በሌለንበት ይናገራል፤ ወሬው ግን ዞሮ ይደርሰናል። ልጅ ሆኜ የሁለቱንም ወገን ሳልሰማ አላለቅስም ነበር አሉ፤ ቤተሰቡ "ዳኛው" እያለ የሚጠራኝ ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ፈርጄ አላውቅም። አባቴም አልፈረደም። ከወደቀበት ሲነሣ ሞተሩን ግቢው ጥግ ካለችው የቆርቆሮ ቤት አስገብቶ፣ ሸራ አልብሶ፣ "ማንም እንዳይነካው" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። ከወንድሙ ጋር ሰላምታው ሳይቋረጥ ወንድማማችነቱ ተቋረጠ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ሕመም ሲሞት፣ አጎቴ ሲያለቅስ የቆመው ከአልጋው ራስጌ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ነበር።

አባቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቀይ ሞተሩን አስነሥቶ ከቤት ቤት ሲዞር ይውላል፤ ማታ ሲመለስ ድምፁን ከሩቅ ለይተን በር ላይ እንጠብቀዋለን። እኔን ታንኩ ላይ፣ እህቴን ከኋላው አስቀምጦ አንድ ዙር ያዞረናል። ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ይቀራል። ሌሎች ልጆች ጭሱ ውስጥ እየገቡ ይሮጣሉ። ያን ሽታ ዛሬም የሆነ ቦታ ሲያልፈኝ ዞር እላለሁ። ሞተሩን አድሳለሁ ያልኩትም መጀመሪያ ለዚህ ብቻ ነበር፤ ሽታውን ፍለጋ። የምሠራው ቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ቀይ ቀለሙን ራሴ አዛምደዋለሁ፣ ሌላውን ቀስ እያልኩ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር።

ከዚያ እህቴ ልታገባ ሆነ፤ ነገሩም መልኩን ቀየረ።

"አዳራሹ ውስጥ ይዞኝ የሚገባው ጋሼ ቢሆንስ?" አለች አንድ ቀን እራት ላይ፣ ቀለል አድርጋ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደማለት።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "የትኛው ጋሼ?"

"ስንት አለን?"

"ወንድምሽ ቁጭ ብሎ?"

"ዳኛው ሲራመድ ጫማውን ነው የሚያየው፤ ቪዲዮው ላይ ሳንቲም የጠፋበት ነው የሚመስለው። ጋሼ ግን ከኋላ ሲታይ አባባን ነው። ትከሻው፣ አካሄዱ..."

"አካሄዱ!" አለች እናቴ። "የአባትሽን አካሄድ ማን ነጠቀውና ነው? ስሚኝ ልጄ። አባትሽን የሰበረ ሰው በአባትሽ ቦታ ከቆመ፣ እኔ ያ አዳራሽ አልገባም። ከቤቴ ሆኜ እመርቅሻለሁ።"

የተናገረችውን እንደምታደርገው ሁለታችንም እናውቃለን። እህቴ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። ግቢ ውስጥ ተከትያት ስወጣ የቆርቆሮ ቤቷን በር እያየች ነበር።

"ልትሠራው ነው አይደል?" አለችኝ።

"ልጀምር ነው።"

"እንግዲያው እውነቱን ሞተሩ ሆድ ውስጥ ፈልግልኝ። ጋሼ ካልሰበረው ከእማዬ ጋር ፊት ለፊት እሟገታለሁ። ከሰበረው አፌን እዘጋለሁ፤ አንተ ጫማህን እያየህ ታስገባኛለህ። ሠርጉ ደርሷል፤ እንደ ልማድህ ዓመት እንዳታስብበት።"

ሸራውን ስገፈው አቧራው አስነጠሰኝ። ቀዩ ቀለም እዚህም እዚያም ተቀርፎ ዝገቱ ብቅ ብሏል፤ መቀመጫውን አይጥ በልታ ስፖንጁን ጎጆ አድርጋዋለች። ከታንኩ ጎን አባቴ የወደቀ ዕለት የሆነው ስርጉድ አለ። እጄን አስገብቼ ለካሁት፤ መዳፌ ልክ ነው። መሪውን ስይዘው ልጅ ሆኜ የማልደርስበት ዕቃ አሁን እንደሚጠበኝ ታወቀኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራለሁ። ጭቃ መከላከያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤ ካቴናውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። አጎቴ ማንም ሳይጠራው መጣ፤ የታክሲውን የመፍቻ ሣጥን ተሸክሞ በኋለኛው በር ገባ።

"ማን ነገረህ ጋሼ?"

"እህትህ። ደግሞስ ይህ ብረት እኔንም ያሳደገኝ አይደለም? ወንድሜ ሲገዛው እኔ ነኝ እየገፋሁ ያመጣሁት።" ጃኬቱን አውልቆ የጎማውን ሽቦዎች አንድ በአንድ መወልወል ጀመረ። ሥራ ያውቃል፤ አይካድም። እየሠራ ያፏጫል። እኔ ግን እጄን ወደ ሞተሩ በላክሁ ቁጥር ፉጨቱ ይቆማል።

"ሞተሩን ተወው" አለኝ።

"ለምን?"

"አሮጌ ዕቃ ከተከፈተ መልሶ አይገጥምም። ቀለም ቀብተህ ሳሎን አቁመው። ጌጥ ይሆናል።"

"እማዬ ሳሎን ውስጥ?"

"እሺ፣ በረንዳ ላይ።"

"ካልተነሣ ምን ያደርጋል? እኔ ድምፁን ነው የምፈልገው።"

"ድምፁን!" አለ፤ ጨርቁን አጥብቆ ጨመቀው። "ልጅ ሁሌ ድምፅ ይወዳል።"

ያን ቀን ጥያቄዬን ዳር ዳር እያልኩ አመጣሁት። "ጋሼ፣ ስትመልሰው እንዴት ነበር?"

"ደህና አድርጌ መለስኩት። ስንቴ ልንገርህ?"

"ታንኩን ሞልተህ?"

"ቤንዚን ምን ያደርግልሃል አሁን? ያለቀ ነገር ነው።"

አጎቴ ያን ታንክ ሲሞላ የነበረውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ማደያው፣ ቤንዚኑ፣ ጭሱ፣ ምስክሮቹ ሁሉ ነበሩበት። አሁን "ደህና አድርጌ መለስኩት" ብቻ ቀረ። ሰው ዕድሜ ሲጨምር ታሪኩ ይረዝማል እንጂ እንዴት ያጥራል? የሚኮራበትን ነገር ማን ቆርጦ ጣለለት?

በኩሽናው መስኮት መጋረጃው ተነቃነቀ። ማታ እናቴ፣ "ያን ሰውዬ ብቻውን እዚያ ውስጥ እንዳትተወው" አለችኝ።

"ምን እንዳያደርግ?"

"ማስረጃ እንዳያጠፋ ነዋ! አንተ ተማርክ እንጂ ሰው አታውቅም።" ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ ዞር ሳትል፣ "ሞተሩን ግን ትከፍተዋለህ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እከፍተዋለሁ።"

"ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ። ቀለሙ አይበቃውም?"

ቆም ብዬ አየኋት። እናቴና አጎቴ በአየሩ ጠባይ እንኳ የማይስማሙ ሰዎች ናቸው። እሱ ይዘንባል ካለ እሷ ልብስ ታሰጣለች። በዚህ አንድ ነገር ግን፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ቃል ተናገሩ፦ አትክፈተው። ማስረጃ ይጠፋል ብላ የምትፈራ ሴት ማስረጃው እንዳይወጣ ለምን ትለምናለች? የዚያን ቀን ጥርጣሬዬ ከአጎቴ ትከሻ ላይ ተነሥቶ በቤታችን ውስጥ መዘዋወር ጀመረ።

ከሥራ ፈቃድ የወሰድኩበት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት፣ አጎቴ ታክሲው ላይ፣ እናቴ ገበያ ሳሉ፣ መፍቻ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ካንዴላውን፣ እሳት የሚለኩሰውን፣ ፈታሁ። ከቦታው ሲወጣ በጥርሱ ላይ ነጭ ነገር ተጠቅልሎበት አየሁ። ሸረሪት ድር መስሎኝ በጥፍሬ ጫርኩት። ቧንቧ ሠራተኞች ውሃ እንዳያፈስ ብሎን ላይ የሚጠቀልሉት ነጭ ቴፕ ነው።

ቁጭ አልኩ። በዓለም ላይ የሞተር ካንዴላ ላይ የውሃ ቴፕ የሚጠቀልል መካኒክ የለም፤ ሞተሩ ሲግል ይቀልጣል፤ ይህ ግን አልቀለጠም፣ ከተጠቀለለ ወዲህ ሞተሩ አልተነሣም ማለት ነው። እንዲህ የሚያደርገው እጁ የለመደበት ሰው ብቻ ነው፤ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ሳያስበው የሚጠቀልል። አባቴ በውሃ ቆጣሪ ሥራው ከኪሱ ስለማይለየው፣ በቤታችን የሻይ ማንቆርቆሪያው እጀታ ሳይቀር ነጭ ቴፕ ነበረበት። ሞተሩን ከፍቶ ያየው አባቴ ነው። አይቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣ ሸራ አልብሶ፣ "ማንም እንዳይነካው" አለ። እንዲህ ከሆነ አባቴ ያውቅ ነበር። ምኑን?

ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ አነሣሁ። ፒስተኑ ግማሽ መንገድ ላይ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል። ቀስ በቀስ፣ በእንጨት እየመታሁ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እያርከፈከፍኩ ሳወጣው፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በቁም ተቧጥጧል። ብረቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተለስኗል። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። የታችኛውን ክፍል ዳሰስኩ፤ ደረቅ። ታንኩን ገልብጬ አየሁ፤ ቤንዚን ተንኖ የሚተወው ቡናማ ቅርፊትና ዝገት አለ፤ ቅባት የሚባል የለም። ሽታና ቅሪት መለየት እንጀራዬ ነው፤ በዚህ አልሳሳትም።

እንዲህ ዓይነቱ ሞተር እንደ መኪና የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ የሚጨመረው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ቤንዚኑ ሲነድ ዘይቱ ፒስተኑን ያለሰልሳል። ሰማያዊው ጭስም የሚመጣው ከዚያ ዘይት ነው። ባዶ ቤንዚን ከሞሉት ለጥቂት መንገድ እንደውም በቅልጥፍና ይሄዳል፤ ጭሱም ይጠፋል። ከዚያ ፒስተኑ ይነክስና ጎማው ቀጥ ይላል።

"ጭስ የሚባል ነገር አልነበረውም።" አጎቴ ዘመኑን ሁሉ የንጽሕናው ምስክር አድርጎ ያቀረበው ነገር ጥፋቱ ራሱ ነበር። በደግነት፣ ከኪሱ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ገደለው። ታሪኩ ያጠረበትም ምክንያት ገባኝ፤ አንድ ቀን አንድ ቦታ ይህን ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ ያውቃል፣ ያውቅና ይወለውላል።

ፍርዱ ያለቀ መሰለኝ። አጎቴ ጥፋተኛ፤ ሳያውቅ ቢሆንም ጥፋተኛ። ለእህቴ ልደውል ስልኬን አውጥቼ ግን አልደወልኩም። የሆነ ነገር ከነከነኝ። አባቴ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ዘይቱን የሚለካበት ትንሽ ክብ ቆርቆሮ ነበረው፤ ክዳኑ እንዳያፈስ በነጭ ቴፕ የታሰረ። እሷን ሳይዝ ማደያ አይሄድም። ሞተሩን ለወንድሙ ሲያውስ እንዴት ስለ ዘይቱ ሳይናገር ቀረ?

ቆርቆሮዋን ፈለግሁ። ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ የምትቀመጥበት መደርደሪያ ላይ የለችም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ የአባባ ትንሿ የዘይት ቆርቆሮ የት ነች?"

"ምን ቆርቆሮ? ቆርቆሮ አላውቅም" አለች፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ። ከዚያ ሽንኩርቱ ውድ መሆኑን አንድ ጊዜ ነግራኝ፣ መልሳ ሁለተኛ ጊዜ ነገረችኝ።

በሌላ ቀን ቀለም የምበጠብጥበት ባዶ ብልቃጥ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ማንም ከማይነካው የተሰበረ ድስት ጀርባ፣ ቆርቆሮዋ ቁጭ ብላለች። ሳነሣት ከበደችኝ። ነጩ ቴፕ አልተፈታም። ሙሉ ነች። የሞተር ዘይት ከድስትና ከምጣድ መሐል ምን ይሠራል? አባቴ ጓዳ ገብቶ አያውቅም፤ አጎቴም ቢሆን ከዚያ ቀን ወዲህ ከሳሎኑ አላለፈም።

የእናቴን ታሪክ በልቤ ከመጀመሪያው እንደገና ሰማሁት። "ማታ በር ላይ አቁሞት ሲሄድ..." እናቴ ታሪኩን ሁልጊዜ ከማታው ነው የምትጀምረው። ጠዋት ሞተሩ ከቤት ሲወጣ ግን ማን ነበር? አባቴ ያን ቀን ታሞ ተኝቷል። ቁልፉን ለአጎቴ የሰጠው ማነው?

ለማንም አልተናገርኩም። እናቴን ብጠይቃት ትክዳለች፣ ክህደቷንም ከዚያ ወዲያ ጠብቃ እንድትኖር አደርጋታለሁ። አጎቴን ብነግረው መሣሪያ አቀብለዋለሁ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ሲሊንደሩን ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰፋሁ፤ አዲስ ፒስተን ገጠምኩ፤ ቀዩን ቀለም ቀባሁ። የታንኩን ስርጉድ ግን አልደፈንኩትም።

ሲያልቅ በአንድ የእሑድ ከሰዓት አጎቴን ጠራሁት። እህቴ እናቴን "ነይ ቀለሙን እዪው" ብላ እየጎተተች አወጣቻት። እናቴ ከበረንዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ከአጎቴ መለስ አድርጋ።

"ደህና ዋልሽ እትዬ" አለ እሱ።

"ይመስገን" አለች፤ ለሞተሩ።

አንድ ጀሪካን ቤንዚን አመጣሁና መሬት ላይ አኖርኩ። አጠገቡ ቆርቆሮዋን አስቀመጥኩ። አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ማን ምን እንደሚያይ ለማየት።

"ጋሼ፣ አንተ ሙላው" አልኩ። "መጨረሻ የሞላኸው አንተ ነህ።"

የእናቴ ዓይን ቆርቆሮዋ ላይ ሄዶ ተተከለ። አጎቴ ጀሪካኑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አጎንብሶ መጀመሪያ ያነሣው ቆርቆሮዋን ነበር። ቴፑን ቀስ ብሎ ፈታ፣ ዘይቱን በክዳኗ ለክቶ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመረ፣ ጀሪካኑን ደጋግሞ ወዘወዘ፣ ታንኩን ሞላ። እኔም ማን አስተማረህ አላልኩትም።

ማስነሻውን ረገጥኩ። እምቢ አለ። ደግሜ ረገጥኩ። አጎቴ "አየሩን ዝጋው" አለኝ፤ ዘጋሁት። አሁን አንድ ጊዜ ሳል ብሎ ተነሣ። ቆርቆሮ ቤቷ ተንቀጠቀጠች። ሰማያዊው ጭስ ከኋላ ወጥቶ ግቢውን ሞላው፣ ወደ በረንዳው ወጣ። እህቴ አፏን ይዛ እየሳለች ትስቃለች። "አባባ መጣ!" አለች፣ ወዲያውም ሳቋን ተወችው። እኔ ስንት ጊዜ ያለምኩትን ሽታ እየሳብኩ፣ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ የሁለት ሰዎችን ፊት እያየሁ ነበር።

አጎቴ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋው።

"ያን ቀን ይህ ጭስ አልነበረውም" አለ።

"ስትኮራበት ሰምተናል" አለች እናቴ። ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልተሳለም።

"ኮርቼበታለሁ። መኪና እንጂ ሞተር አላውቅም ነበር እትዬ። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ጋራዥ ቁጭ ብዬ ታክሲዬ ሲሠራ ስጠብቅ፣ ከጎኔ ያለው ልጅ ዘይት ከቤንዚን ሲቀላቅል አየሁት። ምን እያደረግህ ነው ስለው በሣቅ ሞተ። 'አባቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን መሪ ጨብጠህ ይህን አታውቅም?' አለኝ። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።" እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገ። "እኔ ነኝ። እትዬ እውነቷን ነው። ሹፌር ነኝ ባይ፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልጄ፣" አለ ወደ እህቴ ዞሮ፣ "ወንድምሽ ያስገባሽ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ።"

እህቴ እኔን አየችኝ። ፍርዱ ተሰጥቷል። እናቴ አሸንፋለች፤ ዝም ብትል አሸናፊ ሆና ትኖራለች። ቆርቆሮዋ የት እንደተገኘች የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ሆነ።

"አባባ ሞተሩን ከፍቶ አይቶት ነበር" አልኩ። "ካንዴላው ላይ ነጭ ቴፕ አገኘሁ።"

እናቴ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። "መቼ?"

"አላውቅም። ከወደቀ በኋላ።"

"አይቶት..." አለች። "ደረቅ መሆኑን አይቶት?"

ይህን ቃል ከእኛ መሐል ማንም አልተናገረም ነበር። አጎቴ ቀና አለ። እህቴ፣ "እማዬ፣ ደረቅ መሆኑን አንቺ በምን አወቅሽ?" አለች።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች። "ትኩሳት ላይ ነበር" አለች በመጨረሻ። "ከአልጋው ሆኖ፣ 'ቁልፉንና ቆርቆሮዋን ስጪው፣ ቤንዚን ከሞላ ይህን ይጨምርበት በዪው' አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ይህ ሰውዬ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ልማዱ ይቀልዳል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ታክሲው ውስጥ በሩን አጥብቄ ዘጋሁት ብሎ በሰው ፊት ሲስቅብኝ ውሏል። ለሹፌር ስለ ቤንዚን ብነግረው፣ 'እትዬ ደግሞ መካኒክ ሆነች' ብሎ ሰፈሩን ሊያስቅብኝ ነው አልኩ። ቆርቆሮዋን በነጠላዬ ሥር እንደያዝኳት ሄደ።"

"እስቅ ነበር" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ። "በእርግጠኝነት እስቅ ነበር።"

"ማታ፣ 'ሰጠሽው?' አለኝ። ሰጥቼዋለሁ አልኩት። ምን ይመጣል ብዬ? በማግስቱ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልመለስ?" ወደ እኔ ዞረች። "ከከፈተው፣ አንዳችን እንደዋሸነው አውቋል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

እኔ የምጠረጥረው አለኝ፤ ከሁለታቸው ማን እንዳጠፋ ለይቶ ላለማወቅ ብሎ ይመስለኛል። ግን ይህም ጥርጣሬ ነው፤ ሰውየው ሳይናገር ሄዷል።

"ተይው እትዬ" አለ አጎቴ። "እኔ እኮ ሞላሁት። ጥፋቱ በእኔ ይለቅ፤ እኔ ለምጄዋለሁ። በሠርግ ዋዜማ..."

"አንተ ዝም በል!" አለች እናቴ፤ ብድግ ብላ፣ በዚያው በድሮ ድምጿ። "ገና አሁንም አፌን ልትዘጋኝ ነው? ላጨበጭብ ይላል ደግሞ! አንቺም እንደሱ አታፍጪብኝ፤ ሠርግሽን አላበላሽም። ከሠርጉ በፊት ባለው እሑድ የአባታችሁን ዘመዶች በሙሉ እዚህ ጥሩልኝ፣ እኔ የዚህን ሰውዬ ስም በክፉ ያነሣሁለት አንድም ሰው እንዳይቀር። ቆርቆሮዋ የት እንደነበረች እኔ ራሴ ቆሜ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ልጄን የሚያስገባት እሱ ነው።"